የጋራ ሥራ አጀማመርና የመርካቶ ተራዎች

የአገራችን ገበሬ አዝመራው ደርሶ ጉልበቱ ብቻውን እንደማይበቃ ባወቀ ጊዜ ጎረቤቶቹን ለደቦ ይጠራል። የተጠራውም ሰው ማጭዱን ይዞ በማለዳ ይመጣል። ከደቦው መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ጐረምሳ ቢኖር የትምህርት ማስረጃ አምጣ የሚለው የለም፤ ነገር ግን እርሱ ራሱ ጥቂት ከዳር ቆሞ አጨዳው በየት እንደ ተጀመረ፣ ነዶው እንዴት እንደሚታሰር፣ መሪው ማን እንደ ሆነ ይመለከታል። ከዚያም በኋላ ከመስመሩ ጫፍ ገብቶ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይዘልቃል። ማታ ሲሆን ግን የታጨደው እርሻ የእርሱም ሥራ ነው፤ ከዚህ ላይ የእኔ ነዶ የትኛው ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ይህን የደቦና የወንፈል ልማድ የሚያውቅ ሰው፣ በዛሬው ዘመን በኮምፒዩተር ዓለም «ክፍት ምንጭ» ወይም በፈረንጆቹ አጠራር «ኦፕን ሶርስ» የሚባለውን የጋራ ሥራ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ኮምፒዩተር የሚሠራው በጽሑፍ በተሰጠው ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙን የያዘውም ጽሑፍ የፕሮግራሙ ምንጭ ይባላል። ብዙ ኩባንያዎች ይህን ጽሑፍ ቈልፈው ያኖሩታል። በክፍት ምንጭ ደንብ ግን ጽሑፉ ለማንም ሰው ግልጥ ሆኖ ይቀመጣል፤ ማንበብ፣ መቅዳት፣ ማሻሻል፣ የተሻሻለውንም ለሌላ ማካፈል በፈቃድ ጽሑፉ የተፈቀደ ነው።

የዚህ ሥራ ታሪክ ረጅም አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ «ግኑ» ብሎ የሰየመውን የነጻ ፕሮግራም ሥራ ማሰቡን ለሕዝብ አስታወቀ። በ1991 ደግሞ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ኋላ «ሊኑክስ» የተባለውን ሥራ ጀመረና ጽሑፉን ለሁሉ ክፍት አደረገው። «ኦፕን ሶርስ» የሚለው ስም የወጣው በ1998 ነው። ያ የአንድ ተማሪ ጅምር ዛሬ ከብዙ አገር ሰዎች የወጣ ጉልበት ተጨምሮበት፣ አንድሮይድ በሚባለው ስልክ ሁሉ ውስጥ እምብርት ሆኖ ይሠራል። ስለዚህ በመርካቶ ጆንያ ተሸክሞ የሚሮጠው ወጣት በኪሱ የያዘው ስልክ የዚህ ደቦ ፍሬ ያለበት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩ ከአገራችን መንግሥት ሥራም ሩቅ አይደለም። «ፋይዳ» የተባለው የብሔራዊ መታወቂያችን አሠራር የቆመው በሕንድ አገር ባንጋሎር በተጀመረው «ሞሲፕ» በተባለ ክፍት ምንጭ ላይ ነው። የጤና ሚኒስቴር የየጤና ጣቢያውን ቁጥር የሚሰበስብበት «ዲ ኤች አይ ኤስ 2» የተባለው ፕሮግራም ደግሞ መነሻው በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ እርሱም ለሁሉ ክፍት ነው። ፊደላችንም ቢሆን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ከዓለም ፊደሎች ጋር ቦታ እስኪያገኝ ድረስ፣ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ከሚጠቀምባቸው የፊደል ቅርጾች አንዱ የሆነው «አቢሲኒካ»ም በክፍት ፈቃድ የተሰጠ ነው። እንግዲህ ሌሎች ካረሱት እርሻ ስንበላ ከቈየን፣ እኛም ማጭዳችንን ይዘን የምንወጣበት ቀን መምጣቱ የሚገባ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ብዙ ሰው «ይህ የሊቃውንት ሥራ ነው፤ እኔ ከዚያ ምን አለኝ?» ብሎ ይቀራል። እኛም የኮምፒዩተር ሊቃውንት አይደለንም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ጨርሰን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ከገባን ዐሥር ዓመት አልፎናል፤ የምናውቀው ደብዳቤ መመዝገብ፣ ፋይል ማደራጀትና የጠፋውን መፈለግ ነው። ነገር ግን ያደግነው በአዲስ ከተማ ስለ ሆነ አንድ ሌላ እውቀት አለን፤ ይኸውም የመርካቶን ተራዎች ከነመግቢያና ከነመውጫቸው ማወቅ ነው። በየትኛውም የጋራ ሥራ ለመጀመር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቀው የሚገባው «ምን ይጐድለኛል?» ብሎ ሳይሆን «ሌላው የማያውቀው፣ እኔ ግን በየቀኑ የምረግጠው ነገር ምንድር ነው?» ብሎ ነው እንላለን።

እኛ ይህን ጥያቄ ጠይቀን ያገኘነው በር «ኦፕን ስትሪት ማፕ» የሚባለው የዓለም የጋራ ካርታ ነው። ይህንን ካርታ የጀመረው ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2004 ነው። ከዚያ ወዲህ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች በአባልነት ተመዝግበዋል። ካርታውን የሚያነብቡትና የሚያርሙት ፕሮግራሞችም ብዙዎቹ ምንጫቸው ክፍት ነው። በጥር ወር 2002 ዓ.ም. በሄይቲ አገር የመሬት መንቀጥቀጥ ዋና ከተማዋን ባፈረሰ ጊዜ፣ በየአገሩ የነበሩ ፈቃደኞች ከሰማይ የተነሡ ፎቶግራፎችን እያዩ በጥቂት ቀናት ውስጥ የከተማዋን መንገዶች ስለው ለረድኤት ሠራተኞች አደረሱ። ከሩቅ የተቀመጠ ሰው የመንገዱን መስመር ከፎቶግራፍ ሊስል ይችላል፤ የመንገዱን ስም ግን ፎቶግራፍ አይናገርም። ስም የሚገኘው ከሚኖርበት ሰው አፍ ነው።

ለመርካቶ ደግሞ ስም ማለት ሁሉ ነገር ነው። ገበያው የዛሬውን ሥፍራ የያዘው ኢጣልያ አገራችንን በወረረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ዋናው ገበያ በአራዳ በጊዮርጊስ አጠገብ ነበረ። ወራሪው ሄደ፤ «መርካቶ» የሚለው የኢጣልያኖች የገበያ ስም ግን ቀረ። ሕዝቡ በዚህ ስም ሥር የራሱን የስም ሥርዓት ሠራ፤ ይኸውም «ተራ» የሚለው ነው። ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ጆንያ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ሲዳሞ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ዱባይ ተራ እየተባለ በየንግዱና በየመጣበት ተሰየመ። የአንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በቅርብ ርቀት ቆመው እንግዳውን አቅጣጫ ያስይዙታል፤ አውቶቡስ ተራ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣውን ያራግፋል። በከተማችን ሰው ቤቱን በመንገድ ቁጥር የሚናገር ጥቂት ነው፤ «ከመስጊዱ ወረድ ብለህ፣ ከቆርቆሮ ተራ ወደ ውስጥ» ይላል እንጂ። እንግዲህ እነዚህ ስሞች በቃል ብቻ የሚኖሩ ከሆነ፣ ያረጀው ሱቅ ፈርሶ በምትኩ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ በቆመ ቁጥር አንድ ስም አብሮ የመሰወር አደጋ አለበት።

የጋራ ሥራን አጀማመር ለመማር የሚፈልግ ሰው ከመርካቶ ሳይወጣ አስተማሪ ያገኛል። ምናለሽ ተራ ይሂድ። በዚያ አሮጌ በርሜል ይቀደዳል፤ ያገለገለ ብረት ይቀጠቀጣል፤ ሌላው ሰው የጣለው ነገር ምድጃ፣ ባልዲ፣ መጥበሻ ሆኖ ይወጣል። ሥራው የሚሠራው በደጅ፣ በሰው ፊት ነው። የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ መዶሻው የት እንደሚያርፍ ያያል። አዲስ የመጣ ልጅ መጀመሪያ የሚሰጠው የተጣመመውን ብረት ማቅናት ነው፤ በርሜል መቅደድ በኋላ ይመጣል። ያንን ብረት ሲያቀና ግን ዓይኑ ከጌታው እጅ አይነሣም። ማቅናቱ ለሥራው ጥቅም ይሰጣል፤ ማየቱ ለልጁ ጥቅም ይሰጣል። ክፍት ምንጭ በሚባለውም ሥራ ነገሩ ይኸው ነው። አዲስ ሰው እንዲጀምርባቸው ተለይተው የሚቀመጡ ትንንሽ ሥራዎች አሉ፤ የተዛባ ፊደል ማረም፣ የጐደለ ማስረጃ መጨመር፣ ያልተተረጐመ ቃል መተርጐም፣ የታየን ብልሽት እንዴትና መቼ እንደ ተከሠተ ገልጦ ማስታወቅ ከእነዚህ የሚቈጠሩ ናቸው። እነዚህን የናቀ ሰው ደቦ ሄዶ ልምራ እንደሚል እንግዳ ነው።

እኛም ከማንኛውም ነገር በፊት ደንቡን ማንበብ ጀመርን። በየጋራ ሥራው ደጃፍ ላይ «አንብበኝ» የሚል ጽሑፍ ይቀመጣል፤ ከእርሱም ቀጥሎ ተባባሪ የሚሆን ሰው ሊከተለው የሚገባው መመሪያ አለ። በካርታው ሥራ ያገኘናቸው ዋና ዋና ደንቦች አራት ናቸው። አንደኛው፣ ከሌላ ካርታ አትቅዳ የሚለው ነው፤ ባለመብት ያለበትን የኩባንያ ካርታ እያዩ መገልበጥ ክልክል ነው። ሁለተኛው፣ በመሬት ላይ ያለውን ጻፍ፤ ሊሆን ይገባል የምትለውን አትጻፍ የሚለው ነው። ሦስተኛው፣ የሠራኸውን በምን ምክንያትና ከምን ምንጭ እንደ ሠራኸው በአጭሩ ግለጥ የሚለው ነው። አራተኛው፣ የሰውን የግል ኑሮ ከካርታ ላይ አታውጣ የሚለው ነው፤ በዚህ ቤት እገሌ ይኖራል ብሎ መጻፍ አይፈቀድም።

ሦስተኛው ደንብ እኛን የመዝገብ ቤት ሰዎችን እጅግ ደስ አሰኝቶናል። በመዝገብ ቤት ሕግ ወረቀት ከፋይል አይቀደድም። አዲስ ነገር ሲመጣ በላዩ ላይ ይጨመራል፤ ቀንና ቁጥር ይያዝለታል፤ ማን እንዳዘዘው ይጻፍበታል። በጋራ ካርታውም ሆነ በክፍት ምንጭ ፕሮግራሞች እያንዳንዱ ለውጥ ከነባለቤቱ፣ ከነቀኑና ከነምክንያቱ ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ የቀድሞውም አይጠፋም፤ ቢያስፈልግ ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል። ልዩነቱ አንድ ነው። በእኛ ቢሮ ሥራ ከመሠራቱ በፊት ፊርማና ማኅተም ይጠበቃል። በካርታው ሥራ ግን ሰውን አምነው ያሠሩታል፤ ሥራውን በኋላ ሁሉም ያየዋል። ፕሮግራም በሚጻፍበት ሥራ ደግሞ ለውጡ ወደ ዋናው ጽሑፍ ከመግባቱ በፊት ነባር ሠራተኛ ይመረምረዋል። ከሁለቱ ሥርዓት የትኛው ይሻላል ብሎ ለመፍረድ እኛ አቅም የለንም፤ ነገር ግን ሁሉም የሚያየውን ሥራ የሚሠራ ሰው ያለ ተቈጣጣሪ ራሱን እንደሚቈጣጠር አይተናል።

ደንቡን ካነበብን በኋላ ለመጀመሪያ ሥራችን አንድ ጠባብ መተላለፊያ ብቻ መረጥን። መስመሩ ተስሏል፤ ስም ግን አልተጻፈበትም። አንዲት የመሥሪያ ቤት ባልደረባችንን ይዘን ከሰዓት በኋላ ወደ ሥፍራው ሄድን። እርስዋ የማስታወሻ ደብተርዋን እንዳወጣች ከጨርቅ መደብር ደጃፍ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ተመለከቱን።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» አለች ባልደረባችን። «ይህ መተላለፊያ ማን ይባላል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ለምን ፈለጋችሁት ልጆቼ? ለግብር ነው?»

«አይደለም ጋሼ፤ ለካርታ ነው።»

«እንግዲያው ለማፍረስ ነዋ!»

«እርሱም አይደለም። መንገድ የጠፋበት ሰው እንዲያገኘው ብለን ነው። ማንም አዞን አልመጣንም።»

«ስሙን ወስዳችሁ ለማን ትሰጡታላችሁ?»

«ለሁሉም።»

«ማን ይከፍላችኋል?»

«ማንም።»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉና «የማይከፈልበት ሥራ ከሆነስ ቁጭ በሉ፤ ሻይ ጠጡ» ብለው ዱካ አስመጡልን። ከዚያም የመተላለፊያውን ስም ነገሩን፤ ጫኝና አውራጆቹ ግን በሌላ ስም እንደሚጠሩት ጨመሩበት። የትኛውን እንጻፍ ብንላቸው «ሁለቱንም ጻፉ። ስም የማያውቅ ሰው ይጠይቃል፤ ሌላ ስም የያዘ ግን ሳይጠይቅ ይጠፋል» አሉን። በካርታው ላይ ለዋናው ስም አንድ ሥፍራ፣ ለአማርኛ ስም አንድ ሥፍራ፣ ለተለዋጭ ስም ደግሞ ሌላ ሥፍራ ተመድቧል፤ ይህንን የሠሩት ሰዎች የእኒህን ሽማግሌ ምክር የሰሙ ይመስላል። እኛም ሌሎች ሁለት ነጋዴዎችን ጠይቀን ስሞቹ መስማማታቸውን ካረጋገጥን በኋላ በየቦታቸው ጻፍናቸው። በምክንያት መግለጫውም ላይ «በእግር ሄደን፣ ሦስት የሥፍራውን ሰዎች ጠይቀን» ስንል አመለከትን።

የሽማግሌው ጥርጣሬ ግን ከሻዩ በኋላም ከእኛ አልወጣም። ወረቀት የያዘ ሰው ወደ ገበያ ሲመጣ ነጋዴው የሚፈራበት ምክንያት አለው። ካርታ ለረጂ እንደሚያገለግል ለሌላም ሊያገለግል ይችላል። ለዚህ ያገኘነው መልስ፣ ለሁሉም ግልጥ የሆነውን የመንገድ ስም ብቻ መጻፍ፣ የሰዉን ስም፣ የሀብቱን መጠንና ከመጋረጃ በስተኋላ ያለውን መተው ነው። በጋራ ሥራ ጀማሪ የሆነ ሰው ምን እንደሚጨምር ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይጨምርም አስቀድሞ መወሰን ይገባዋል።

ከሁለት ቀን በኋላ ከማናውቀው አንድ ነባር አባል መልእክት ደረሰን። አመስግኖ፣ መተላለፊያው መኪና ያስገባ እንደ ሆነ፣ ስፋቱም ስንት ሜትር እንደ ሆነ ጠየቀን፤ ለዚህም በካርታው ላይ የተዘጋጀ ሥፍራ መኖሩን አስረዳን። ብዙ ጀማሪዎች ይህን የመሰለ ጥያቄ ሲመጣባቸው እንደ ተወቀሱ ቈጥረው ይቀየማሉ። በጋራ ሥራ ግን ጥያቄ የአክብሮት ምልክት ነው፤ ሥራህን አንብቤዋለሁ ማለት ነው። እኛም እንደገና ሄደን በሜትር ለካነው። ከሁለት ሜትር የማይበልጥ ሆኖ አገኘነው፤ መኪና አያስገባም።

ይህን ቁጥር ስንጽፍ በልባችን የነበረው ነገር ሌላ ነው። በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በመርካቶ ሸማ ተራ ቃጠሎ ተነሥቶ የብዙ ሰው ሀብት በአንድ ሌሊት ወደ አመድ ተለውጧል። ሥፍራው የተጨናነቀ፣ መተላለፊያውም ጠባብ በመሆኑ እሳቱን የማጥፋቱ ሥራ እጅግ አስቸጋሪ እንደ ነበረ በጊዜው ተነግሯል። ካርታ እሳት አያጠፋም፤ ጠባቡንም መንገድ አያሰፋም። ነገር ግን የትኛው መተላለፊያ መኪና እንደሚያስገባ፣ የትኛው እንደማያስገባ፣ የትኛው ከውስጥ ተዘግቶ እንደሚቀር አስቀድሞ የተጻፈ ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት ለሚመጣው ሰው አንዲት ደቂቃም ብትሆን ታተርፍለታለች። ለምን እንለካለን ብለው ለሚስቁብን ሰዎች መልሳችን ይህ ነው።

ከካርታው ሥራ ጋር አያይዘን የገባንበት ሁለተኛ ሥራ የቃላት ትርጕም ነው። ካርታው የሚታረምባቸው ፕሮግራሞች ቃላታቸው ወደየቋንቋው የሚመለሰው በፈቃደኞች ነው። ይህ ሥራ ፕሮግራም መጻፍ ለማይችል፣ ቋንቋውን ግን ለሚያውቅ ሰው የተመቸ መግቢያ ነው፤ ቀላል ግን አይደለም። ለምሳሌ ፈረንጆቹ በልዩ ልዩ ቃል የሚጠሯቸውን ሥራዎች እኛ ሁሉንም «ጫን» እያልን እንጠራለን። ቁልፉን በጣት መንካት «ተጫን» ነው፤ ፕሮግራምን ወደ ስልክ ማስገባት «ጫን» ነው፤ ከስልክ ወደ ዓለም መላክም «ጫን» ነው። መርካቶ የሚያውቀው ጫኝ ግን አንድ ነው፤ አውራጅም አብሮት አለ። ስለዚህ ለመላኩ «ላክ»፣ ለማስገባቱ «ጫን»፣ ለጣቱ «ንካ» ብሎ መለየት የሚሻል ይመስለናል። ሁለተኛው ችግር ደግሞ የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ለወንድም ለሴትም አንድ ሲሆን፣ የእኛው ግን «አስቀምጥ»፣ «አስቀምጪ»፣ «ያስቀምጡ» እየተባለ መለያየቱ ነው። ባልደረባችን «ስልኬ ሁልጊዜ እንደ ወንድ የሚያዘኝ ለምንድር ነው?» ብላ መጠየቅዋ ትክክል ነው። ስለዚህ ትእዛዙን ወደ ስም መልሶ «ማስቀመጥ»፣ «መላክ» ማለት፣ ወይም በአክብሮት «ያስቀምጡ» ማለት ከሁሉም ጋር ያስማማል። በሆሄያትም ረገድ «ፀሐይ»ና «ጸሐይ» ለሰው ጆሮ አንድ ሲሆኑ ለማሽን ሁለት ናቸው፤ አንዱን ጽፎ የፈለገ ሰው ሌላውን ላያገኝ ይችላል። ይህንን የሚያውቀው ፊደል የቈጠረ የአገር ልጅ እንጂ በውጭ አገር የተቀመጠው ፕሮግራም ጸሐፊ አይደለም።

በዚህ ሥራ ላይ የሚነሡ ነቀፌታዎች መኖራቸውን አንክድም። አንዱ ወዳጃችን «እናንተ በነጻ ትደክማላችሁ፤ ታላላቅ ኩባንያዎች ወስደው ይነግዱበታል» ብሎናል። እውነት ነው፤ ከዓለም ታላላቅ ኩባንያዎች በዚህ ካርታ የሚጠቀሙ አሉ፤ ፈቃዱም ምንጩን እስከ ጠቀሱና ደንቡን እስከ ጠበቁ ድረስ አይከለክላቸውም። ነገር ግን ከመንገድ ዳር ምንጭ ያጠራ ሰው፣ ሀብታም መንገደኛ ጠጥቶ አለፈ ብሎ ምንጩን አይደፍንም። ያው ምንጭ የሠፈሩን ልጅ ያጠጣል። ካርታው በስልክ ውስጥ አስቀድሞ ከገባ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ፣ የካርድ ገንዘብ ያጠረበት ልጅ ዕቃ የሚያደርስበትን ተራ ያለ ክፍያ ያገኝበታል። ከዚህም በላይ ለዓለም ካርታ ስማችንን ራሳችን ካልሰጠን ሌላው ሰው እንደ ሰማው አጣሞ ይጽፈዋል።

ሌላው ነቀፌታ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ጉዳይ ነው። መመሪያዎቹ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ መሆናቸው እርግጥ ነው፤ ነገር ግን የሚጠይቁት እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሰ ሰው በመዝገበ ቃላት ረዳትነት ሊያነብበው የሚችለው ነው። ለምሳሌ «ስትሪት ኮምፕሊት» የሚባለው የስልክ ፕሮግራም ሰውየው ከቆመበት ሥፍራ አጠገብ ያለውን ጥያቄ አንድ በአንድ ያቀርባል፤ መንገዱ ድንጋይ ነው ወይስ አስፋልት? ይህ ሕንፃ ስንት ፎቅ ነው? ይላል። መልሱን ለማወቅ ዓይን እንጂ ዲፕሎማ አያስፈልግም።

እንግዲህ ለመጀመር ለሚያስቡ ወንድሞችና እኅቶች ከልምዳችን ያገኘነውን ጠቅለል አድርገን እንናገር። በየቀኑ የምትጠቀሙበትን፣ ጥቅሙንም ጉድለቱንም የምታውቁትን ሥራ ምረጡ፤ ዝናውን ብቻ የሰማችሁትን አትምረጡ። ከመናገራችሁ በፊት መመሪያውንና ቀደም ብለው የተነሡትን ጥያቄዎች አንብቡ፤ የእናንተም ጥያቄ ምናልባት አስቀድሞ መልስ አግኝቷል። የመጀመሪያው ሥራችሁ በአንድ ማታ የሚያልቅ ይሁን፤ ሁለት ልዩ ነገሮችን በአንድ ለውጥ አትቀላቅሉ፤ የሚመረምረው ሰው ይቸገራልና። ምክንያታችሁን በአጭርና በትሕትና ጻፉ። መልስ ቢዘገይ ታገሡ፤ በዚያ በኩል ያለውም ሰው እንደ እናንተ ከሥራ ገብቶ፣ ልጆቹን አስተኝቶ የሚሠራ ፈቃደኛ ነው። ሥራችሁ ተቀባይነት ቢያገኝ ደስ ይበላችሁ፤ ባያገኝ ምክንያቱን ጠይቁና ቀጥሉ። ከሁሉም በላይ፣ እናንተ ከገባችሁ በኋላ ከኋላችሁ የሚመጣውን ጀማሪ አስቡ፤ እናንተን ያስቸገራችሁን ነገር በመመሪያው ላይ ብትጽፉለት ለእርሱ ትልቅ ስጦታ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የመርካቶን መተላለፊያዎች ሁሉ አንድ ሰው ይመዝግብ ቢባል ዕድሜው አይበቃውም። ነገር ግን በአዲስ ከተማ የሚኖረው፣ የሚነግደው፣ የሚሸከመው፣ በቢሮ የሚሠራው ሁሉ በየበኩሉ የሚያውቃትን አንዲት ተራ ብቻ ቢጽፍ፣ ልጆቻችን በቆርቆሮው ፋንታ መስታወት በቆመበት ጊዜ እንኳ አባቶቻቸው ያንን ሥፍራ ማን ብለው ይጠሩት እንደ ነበር ያውቃሉ። እሳት በተነሣበትም ሌሊት የሚሮጠው ሰው በየት እንደሚገባ አይጠፋውም። ማጭዱ ቀላል ነው፤ እርሻው ግን ሰፊ ስለ ሆነ ብዙ እጅ ይፈልጋል።